የመቶ አለቃው እናት ቤት ሲነሳ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ሃምሳ አለቃ ግርማ ቀድሞኝ ቆሟል። ቀጠሯችን አስራ አንድ ሰዓት ነበር፤ እሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የመጣው። «ምን ልታደርግ?» ስለው «ቦታውን ልቃኝ ብዬ» አለኝ። የሚቃኘው ቦታ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ ሁለት ሎተሪ አዟሪዎችና የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ነው። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ አንጠልጥሏል። ረዳቱ ገመዱን አየና «በግ አላችሁ እንዴ? ለበግ ይከፈላል» አለን። በግ እንደሌለን ለማስረዳት ሻንጣችንን ከፍተን ማሳየት ነበረብን።

ግርማን በደንብ ያወቅሁት በለቅሶ ቤት ነው። የጓደኛዬ የመቶ አለቃ ታምራት የሥራ ባልደረባ ነበር። ታምራት በጦር ሠራዊቱ የነፍስ አድን መኮንን ነበር፤ ጎርፍ የከበበውን፣ ገደል የገባውን፣ ጣራ ላይ የቀረውን ሰው ሲያወጣ የኖረ። እኔ ደግሞ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለአራት ዓመት ከሱ በታች ባለው አልጋ የተኛሁ፣ ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የማዛውር ሰው ነኝ።

ታምራት ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የዓመት ፈቃዱን ወሰደና «እስኪ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይሰምጥበት ውሃ ልይ» ብሎ ባሕር ሊያይ ወደ ታንዛኒያ ሄደ። ባሕሩን አይቷል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የተነሳውን ፎቶ ልኮልኛል። ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ተገለበጠ። በቃ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የምንሄደው ዶርዜ፣ እናቱ ዘንድ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሠራ ነው፤ ልክ እንደ ትልቅ እንቅብ ተጎንጉኖ በላዩ የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ጠላቱ ምስጥ ነው፤ ከሥሩ ይበላዋል። ያን ጊዜ ጎረቤት ይሰበሰብና የተበላውን ቆርጦ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ፣ ምስጥ ያልገባበት መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ታምራት ከመሄዱ በፊት ለእናቱ «ስመለስ እኔ ራሴ አስነሳዋለሁ፤ እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ልጃቸውን በእጃቸው አፈር አልብሰው፣ ተዝካሩን አውጥተው፣ ቤቱን ግን አላስነካም አሉ። ምስጡ ይበላል፤ የበልግ ዝናብ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት የታምራት አጎት ጋሽ ኦይሳ ደወሉልኝ።

«ቤቱ ዘምሟል። እህቴ እኔን እምቢ አለኝ፣ ቄሱንም እምቢ አለ። በላዩ ላይ ሳይወድቅበት ኑና ለምኑልኝ።»

የጋሽ ኦይሳ አማርኛ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ፍርሃት ግን ማንም ይለየዋል።

ረቡዕ፣ ቀትር፣ ከሶዶ ወዲህ

አንድ ኬላ ላይ ፖሊስ ገባ። መታወቂያ እያየ መጣና የግርማ ጉልበት ላይ ያለው ገመድ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

ሃምሳ አለቃ ግርማ አንድ ጉድለት አለበት፤ መዋሸት አይችልም። «ልብስ ማስጫ ነው» ቢል እኮ አልቆ ነበር።

«ቤት ልናነሳበት ነው» አለ።

«የማን ቤት?»

«የአንዲት እናት።»

«ያውቃሉ?»

«ገና አልፈቀዱም» አለ ግርማ።

ከአውቶቡስ አወረዱን። ፖሊሱ በሥራ ዘመኑ የበሬ፣ የሞተር ብስክሌትና የጤፍ ሌባ አይቷል፤ ቤት ሊሰርቅ በመደበኛ አውቶቡስ የሚሄድ ሌባ ግን አላጋጠመውም። ነገሩን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አለቃቸው መጣ፤ እሱ የጋሞ ልጅ ስለነበር ገና «የዶርዜ ቤት» ስል ገባውና ሳቀ። ታምራት ማን እንደነበር ስነግረው ግን ሳቁን ትቶ ኮፍያውን አወለቀ። «በሉ ሂዱ። ገመዱ ግን አይሠራላችሁም» አለን። ተሳፋሪው ሁሉ በክፉ ዓይን እያየን ወደ ወንበራችን ተመለስን።

ምሳ ሶዶ በላን። ሽሮ ላይ የሥራ ክፍፍል አደረግን። እናትየውን የማናግረው እኔ ነኝ፤ ሦስት ገጽ ንግግር ጽፌያለሁ። ግርማ የሚጠበቅበት ጭንቅላቱን መነቅነቅ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ

ምዕራብ አባያን ካለፍን ጀምሮ በግራ ሐይቁ፣ በቀኝ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ። ሲቀላ መናኸሪያ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ ወደ ሴቻ የሚወጡት ሚኒባሶች ረዳቶች «ሴቻ! ሴቻ!» ይላሉ፤ ሙዝ ሻጮች ዘለላውን እንደ ሕፃን አቅፈው ይከተላሉ። ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሙዝ ገዝቼ እራት አደርግ ነበር። አሁን ዋጋውን ሰምቼ ሦስት ሙዝ ብቻ ገዛሁ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

አንድ ምግብ ቤት ገባን። ጾም ነው፤ ግን አርባ ምንጭ ነው፤ ዓሣ ይሸታል።

«ዓሣ ጾም ነው ወይስ አይደለም?» ብዬ አስተናጋጇን ጠየቅኋት።

«ለአርባ ምንጭ ሰው ወይስ ለእንግዳ?» አለችኝ።

«ለእንግዳ።»

«እንግዳ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ይፈቀድለታል» ብላ ሳትጠብቀኝ ለወጥ ቤቱ «አንድ ኮተሌት!» ብላ ጮኸች። ግርማ እንደገና ሽሮ አዘዘና ዓሣዬን በሐዘኔታ ተመለከተው። የተመለከተው እኔን ሳይሆን አይቀርም።

ከምግብ በኋላ ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ጫካውን አየን። ምንጮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንደኛ ዓመት ሳለን ታምራት ዋና ላስተምርህ ብሎ ወስዶኝ ነበር። ገባሁ፤ ሰመጥሁ፤ ውሃ ጠጣሁ፤ የእናቴን ስም ጠራሁ። ታምራት ዳር ላይ ሆኖ «ቁም! ኧረ ቁም እንጂ!» ይለኛል። ቆምኩ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነበር። በሕይወቱ ያዳነው የመጀመሪያ ሰው እኔ ነኝ፤ ያዳነኝም በአንድ ቃል ነው። ይህን ለግርማ ስነግረው በጣም ሳቀ። ታምራት ናፈቀኝ። ሌላ ቃል የለውም።

ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ወደ ዶርዜ ሽቅብ

የተኮናተርነው ሚኒባስ ሹፌር ተስፋዬ ይባላል። ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ከእኛ ሌላ አምስት ነጋዴዎች፣ ሁለት ጆንያ ጨውና አንድ አልጋ አሉ። ኮንትራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም።

«ተስፋዬ፣ ፍሬኑ ደህና ነው?» አልኩት።

«እየወጣን እኮ ነው ወንድሜ። ለመውጣት ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«ለመውረድስ?»

«ስንወርድ እናየዋለን» አለና ማርሽ ቀየረ።

ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ስንዞር ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ አባያ እንደ ሻይ ቀልቷል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ። ከዚያ ጉም ገባ፤ ብርድ ገባ፤ ቀርከሃና እንሰት ተጀመረ። ከአንድ ሰዓት በፊት በላብ የተጠመቅሁ ሰውዬ ከአንዷ ነጋዴ ጋቢ ተውሼ ተከናነብኩ።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ እማማ ዳመነች ግቢ

ቤቱን ስናየው ሁለታችንም ቆምን። የዶርዜ ቤት ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል፤ ይሄኛው ዝሆን ግን ወደ ግራ አጋድሎ በሦስት ግንድ ተደግፎ ነው የቆመው። ግርማ እንደ ባለሙያ አንዴ ዞረውና «ይሄን ቤት ጎርፍ መሐል ባየው ሰው ሁሉ ውጡ እል ነበር» አለኝ በጆሮዬ።

ጋሽ ኦይሳ አጥር ሥር የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ሸማ ይሠራሉ። በዓይናቸው «በርቱ» አሉን። የታምራት እናት እማማ ዳመነች ጥቁር ለብሰው ወጡ፤ ሁለታችንንም አገላብጠው ሳሙን። አማርኛቸውን የተማሩት ባላቸው ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ አብረው ኖረው ነው።

«ሳሮ፣ ሳሮ!» ብለው በጋሞኛ ሰላም አሉን። «ኑ ግቡ። ከስታችኋል» አሉ። እኔን ከስታችኋል ያለኝ ሰው ከተወለድኩ ጀምሮ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ውስጥ ገባን። ትኩስ ቆጮ በዳጣ ቀረበ። ዳጣው ከአፍ እስከ ጆሮ ያቃጥላል። ንግግሬን ለመጀመር ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እማማ፣ እንግዲህ ዛሬ የመጣንበት ጉዳይ…»

«ብላ» ብለው አጎረሱኝ።

አላምጬ ዋጥሁ። «እማማ፣ ሰው ቃሉን የሚጠብቀው…»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጨመሩ። ከሦስቱ ገጽ የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ አምስት ጊዜ ጎረስኩ። ሴትዮዋ የመጣንበትን ጉዳይ ገና ከበሩ ያውቁታል፤ አፌን በቆጮ እየደፈኑ ነው። ከላይ ቀርከሃው ቋ አለ። የምስጥ ዱቄት ትከሻዬ ላይ ረገፈ።

ያን ጊዜ ጭንቅላት ለመነቅነቅ ብቻ የመጣው ግርማ ተናገረ።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ወንዝ ሞልቶ አንድ ሽማግሌ ጣራ ላይ ቀሩ» አለ። «ጀልባ ይዘን ሄድን። አልወርድም አሉ። ‹ልጄ መጥቶ ይወስደኛል፣ እሱ ሳይመጣ አልነቃነቅም› አሉ። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ እምቢ። ውሃው እየጨመረ ነው። በኋላ መቶ አለቃ ‹አባቴ፣ የላከኝ እኮ ልጅዎ ነው› አላቸው። ወዲያው ወረዱ።»

እማማ ዳመነች እጃቸው ላይ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ሰፌዱ ላይ አስቀመጡት።

«ጀልባው ላይ ሽማግሌው ‹የትኛው ልጄ ነው የላከህ?› ብለው ጠየቁት። መቶ አለቃ ምን ያውቃል? ‹ትልቁ› አላቸው። ሽማግሌው ቆይተው ‹ትልቁ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው› አሉ። እኛ መግቢያ አጣን፤ መቶ አለቃም አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን ሰማይ ሰማዩን እያዩ፣ ‹እሱማ ድሮም አሳቢ ነበር› አሉ።»

ውጪ የጋሽ ኦይሳ መወርወሪያ ቆሟል፤ እየሰሙ ነው።

«ልጄ ይዋሽ ነበር ማለት ነው?» አሉ እማማ ዳመነች።

«ለሥራ ጉዳይ ብቻ ነው፣ እማማ» አለ ግርማ።

እናትየው ቀና ብለው የተበላውን ቀርከሃ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተንስ? እናንተን ማን ላካችሁ?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ቀርቦልናል። እንሰቱ ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮ እንኳ ምን መመለስ እንዳለበት ያውቃል። እኔ አፌ ሙሉ ነው፤ ግርማን በዓይኔ ለመንኩት። ግርማ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ሞከረ፣ ሞከረ፣

«ጋሽ ኦይሳ ደውለው ነው» አለ።

ቆጮው ትን አለኝ። ውጪ ጋሽ ኦይሳ «ወይ አምላኬ!» ሲሉ ተሰማ። እማማ ዳመነች መጀመሪያ ፈጠው አዩት። ቀጥሎ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቁ ነው። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ለቅሶው እንደገና ሳቅ ሆነ፤ እኔና ግርማም የቱን እንደምንከተል ስላላወቅን ሁለቱንም አደረግን።

«አየህ አንተ ልጅ» አሉ ሲረጋጉ የግርማን ጉልበት መታ መታ እያደረጉ። «እሱ ቢሆን ይዋሸኝ ነበር። እንዳርፍ ብሎ። እመጣለሁ ያለኝም እንዳርፍ ብሎ ነው።» ሰፌዱን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። «አይመጣም። ታምራት አይመጣም። በሉ ነገ አንሱት።»

ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቤቱ ሲሄድ

ሃምሳ የሚሆን ወንድ መጣ። የቤቱ ሥር ተቆፍሮ የተበላው ቀርከሃ በገጀራ ተቆርጧል፤ ረጃጅም ወራጅ እንጨቶች ከውስጥ ተጋድመው ታስረዋል። ግማሹ ሰው ከውጪ፣ ግማሹ ከውስጥ ገብቶ ወራጁን ይሸከማል። አዲሱ ቦታ ሰማንያ እርምጃ ይርቃል።

ግርማ በወረቀት ላይ እቅድ ነድፏል። ሰውን በአራት ቡድን ከፍሏል፤ የገመዱን ቦታ በቀስት አሳይቷል። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፣ አመሰገኑት፣ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ከዚያ አያቶቻቸው እንዳደረጉት ተሰለፉ።

«በሦስት እናነሳለን!» አለ ግርማ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

በሦስት ያነሳነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ቤቱ አልተነቃነቀም፤ የግርማ ወገብ ግን ቀጭ ሲል ሰማሁ። ለካ ቤት በቁጥር አይነሳም፤ በዘፈን ነው የሚነሳው። ጋሽ ኦይሳ ፊት ቆመው በጋሞኛ አወጡ፤ ሃምሳው ሰው «ዮ!» ብሎ ተቀበለ፤ ቤቱ ከመሬት ለቀቀ።

እኔ ውስጥ ነኝ። ጨለማ ነው፤ ላብና ጭስ ይሸታል፤ እግሮች ብቻ ይታያሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጌጥ መሆኔ ደስ ብሎኝ ወራጁን በሁለት እጄ ጨብጬ «ዮ!» እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ የምሸከመው ነገር እጅግ ቀለለኝ። ቁልቁል ሳይ እግሬ መሬት አልነካም። ጎረቤቶቼ ረጃጅሞች ናቸው፤ ወራጁን ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉት እኔ አብሬ ተንጠልጥያለሁ። ቤቱን ተሸከምኩ ስል ቤቱ እኔን ተሸክሞኛል።

አጠገቤ ያለው ሰውዬ በትህትና ዞር አለ። «ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ ውረድ። ከበድክ።»

ለቀቅሁ። ወደቅሁ። ቤቱ መሄዱን አላቋረጠም፤ የኋላው ግድግዳ ወደ እኔ ይመጣል።

«ተኛ!» አለ የግርማ ድምፅ ከውጪ።

ተኛሁ። የቀርከሃው ጠርዝ ሆዴን ታክኮ በላዬ አለፈ፤ ድንገት ሰማይ ሆነ። ቤቱ «ዮ! ዮ!» እያለ ሄደ፤ እኔ የድሮው ምድጃ አመድ ውስጥ ተጋድሜ ቀረሁ። ዳር ቆመው ከሚያዩት ሴቶች መካከል እማማ ዳመነች ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣

«ቤቴ ወለደች!» ብለው እልል አሉ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ተሸካሚዎቹም ሳቁ፤ ቤቱ ራሱ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘና ጋሽ ኦይሳ ተቆጥተው አስተካከሉት። አዲሱ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሽ ኦይሳ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መረቁ። ከሥሩ አንድ ክንድ ተቆርጦ ስለነበር በሩ ዝቅ ብሏል። እማማ ዳመነች ጎንበስ ብለው ቀድመው ገቡ፤ ብዙ ቆዩ። ማንም አልተከተላቸውም። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «ግቡ። ብቻ ጎንበስ በሉ» አሉን።

ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ መሄጃ

የተስፋዬ ሚኒባስ ጥሩንባውን ይነፋል። እማማ ዳመነች ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው፣ ለግርማ ወገብ ቅባት ሰጥተው፣ መንገድ ድረስ ሸኙን። እኔ እንደማንኛውም የሚሰናበት ሰው፣ ሳላስበው፣

«እንግዲህ እማማ፣ በቅርቡ እንመጣ…» ስል በመዳፋቸው አፌን ያዙ።

«እመጣለሁ አትበሉኝ» አሉ። «ዝም ብላችሁ ሂዱ። ዝም ብላችሁ ኑ።»

ሃምሳ አለቃ ግርማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትእዛዝ ሰምቷል። «እሺ እማማ፣ አንመጣም» አለ።

በነጠላቸው ጫፍ መቱት፤ እየሳቁም ሳሙት።

መኪናው ቁልቁል ጀመረ። ተስፋዬ ፍሬኑን አንዴ ረገጠው፤ ሠራ፤ እሱ ራሱ የተገረመ መሰለኝ። ጉሙን ጨርሰን ሐይቆቹ ሲታዩ ግርማ ወገቡን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ፈቃዴን ለመስቀል ነው የጠየቅሁት» አለኝ።

መስቀል በዶርዜ የትም ያለ ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት የሚገባበት ቀን ነው።

«መቼ ጠየቅህ?»

«ከመምጣታችን በፊት።»

እኔም እንደምጠይቅ ነገርኩት። ለእማማ ዳመነች ግን ማናችንም አንነግራቸውም።